የካይት ሰርፊንግ የጀማሪ ዕቃ አመራረጥ፦ ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ ሰው

ደብረ ብርሃን ላይ ነፋስ ብርቅ አይደለም። ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ የጠዋቱ ውርጭ ቀልጦ ፀሐይዋ ሜዳውን ስታሞቀው፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን ነፋስ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጎደለን ውኃው ነው። ስለዚህ ከዚህ ተነስቶ ካይት ሰርፊንግ መጀመር የሚፈልግ ሰው ሥራው ሁለት ቦታ ይከፈላል። እጁን እዚሁ ሜዳ ላይ ያለማምዳል፤ ውኃውን ደግሞ ላንጋኖ ወይም ከአገር ውጭ ባሕር ዳር ሄዶ ያገኘዋል። ዕቃውንም በዚሁ ልክ መምረጥ አለበት።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ በነፋስ የሚበር ትልቅ የጨርቅ ካይት በረጃጅም ገመዶች ከወገባችሁ ጋር ይያያዛል፣ እግራችሁ ቦርድ ላይ ይገባል፣ ካይቱ ይጎትታችኋል፣ እናንተ ውኃው ላይ ትንሸራተታላችሁ። ዛሬ የምናውቀውን በአየር የሚነፋ ካይት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች፣ ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌንዩ፣ በፈረንጆቹ 1984 በፈጠራ መብት አስመዝግበውታል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክም ማርሴይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሎምፒክ ውድድር ሆኗል።

አሁን ወደ ግዢው። ቪዲዮ አይቶ ልቡ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ትልቁ ካይት ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እላለሁ። ቀድሞ እጅ የሚያለማምደው ትንሹ ካይት፣ ቀጥሎ ሰውነት የሚጠብቁት ዕቃዎች፣ ከዚያ ቦርዱ፣ ትልቁ ካይት መጨረሻ ላይ። ከሁሉም በፊት ግን ዋና። መዋኘት የማይችል ሰው ካይት አይግዛ፤ ያንን ገንዘብ ዋና ለመማር ያውለው። ደጋ ላይ ያደግን ብዙዎቻችን ወንዝ ከመሻገር ያለፈ የውኃ ልምድ የለንም፣ ካይቱ ውኃ መሃል ሲወድቅ ደግሞ ተረጋግቶ መቆየት የግድ ነው።

1. ክብደታችሁንና ነፋሱን እወቁ

የዕቃ መጠን የሚመረጠው በሁለት ቁጥር ነው፦ በክብደታችሁና በነፋሱ ፍጥነት። ነፋስ በኖት ይለካል፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእጅ የሚያዝ ትንሽ የነፋስ መለኪያ መግዛት ትርፉ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም የስልክ የአየር ትንበያ የአካባቢውን አማካይ እንጂ እናንተ የቆማችሁበትን ሜዳ አይነግራችሁም። መለኪያውን ወደ ላይ ይዛችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙና ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን አንብቡ። 10 ብሎ ድንገት 20 የሚል ከሆነ ለጀማሪ አይሆንም። የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ካይተሮች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ክብደታችሁን በ2.2 አባዙት፣ ውጤቱን በነፋሱ ኖት አካፍሉት፣ የሚወጣው ቁጥር የካይቱ ስፋት በካሬ ሜትር ነው። 65 ኪሎ ሰው በ15 ኖት ነፋስ 9.5 ይወጣለታል፣ ማለትም 9 ወይም 10 ካሬ። ስሌቱ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ በሁለት መጠን መካከል ከወደቃችሁ ጀማሪ ሁልጊዜ ትንሹን ይምረጥ።

እዚህ ላይ በብዙ መመሪያ ውስጥ የማታገኙት፣ ለእኛ ግን ዋናው ነገር ይመጣል፦ ከፍታ። ያ ስሌት የተሠራው ለባሕር ጠረፍ፣ ማለትም ለባሕር ጠለል ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳና ጓሳ ደግሞ ከዚያም በላይ ናቸው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ክብደት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ያነሰ ስለሆነ መለኪያው ያው 15 ኖት እያለ ካይቱ የሚጎትተው ግን በዚያው ልክ ቀንሶ ነው። ላንጋኖ 1,585 ሜትር ላይ ስለሆነ መሃል ላይ ይወድቃል፤ የባሕር ጠረፉ 9.5 ካሬ እዚያ ወደ 11 ወይም 12 ይጠጋል።

ይሄ ለምን ያሳስባል? እዚህ ሜዳ ላይ እጃችሁ የሚለምደው የሳሳውን አየር ጉተታ ነው። ያንኑ እጅ ይዛችሁ ዛንዚባር ወይም ቀይ ባሕር ስትወርዱ በያው ነፋስ ያው ካይት በሲሶ ገደማ ጠንክሮ ይጎትታችኋል። «እኔ እኮ 15 ኖት ለምጃለሁ» ብሎ ትልቅ ካይት የሚያነሳ የደጋ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ወደ ባሕር ስትወርዱ የካይቱን መጠን ዝቅ አድርጉ፤ ዕቃ ስትገዙም ዋናው መጫወቻችሁ የትኛው ከፍታ ላይ እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ።

2. ትንሹን የመለማመጃ ካይት ግዙ

ትሬነር ይባላል። ከ2 እስከ 3 ካሬ ነው፣ የሚነፋ ነገር የለውም፣ ሁለት ገመድና ትንሽ ባር (በእጅ ይዘው ካይቱን የሚመሩበት ዘንግ) አለው፣ ተጠቅልሎ በጀርባ ቦርሳ ይገባል። ፒተር ሊንና ኦዞን ለዚህ የታወቁ ስሞች ናቸው። ከባድ ሰው ከሆናችሁ ወይም የምትለማመዱት ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ከሆነ 3 ካሬው ይሻላል፤ ቀለል ላለ ሰው 2 ወይም 2.5 ይበቃል። ስትገዙ አንድ ነገር አጣሩ፦ የእጅ አንጓ ማሰሪያ አለው ወይ? ባሩን ስትለቁት ማሰሪያው አንዱን ገመድ ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ካይቱም ጉልበት አጥቶ ይወድቃል። ይሄ የሌለውን ተዉት።

ከ8 እስከ 15 ኖት ባለው ነፋስ አብሩት። ከ20 ካለፈ ትንሹም ካይት ሰው መሬት ላይ ይጎትታል፣ አይናቅም። ጀርባችሁን ለነፋሱ ስጡና ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሰማይ እንደ ሰዓት ፊት ቁጠሩት፤ ራስ በላይ 12፣ ግራ 9፣ ቀኝ 3። ካይቱ 12 ላይ ሲሆን ጉተታው ቀላል ነው፤ ወደ መሃል ዝቅ ሲል ይበረታል። መጀመሪያ ከ10 እስከ 2 ቀስ ብላችሁ አመላልሱት፣ ቀጥሎ የስምንት ቁጥር ቅርፅ እያሠራችሁ፣ ከዚያ በአንድ እጅ፣ ከዚያ እየተራመዳችሁ። ሳታዩት መምራት ስትችሉ እጃችሁ ደረሰ ማለት ነው። ውኃ ላይ ዓይናችሁ ቦርዱን መፈለግ አለበት፣ ካይቱን እጅ ብቻ ነው የሚመራው።

ሜዳ አመራረጡ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ ያለው ሜዳማ አገር ጥሩ ነው፣ ግን ክረምት ላይ ጭቃው አያስቆምም፣ ነጎድጓድ ባለበት ቀን ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። የባሕር ዛፍ ተርታ ካለ ነፋሱን ይሰባብረዋል፤ የተረበሸው አየር የዛፉን ቁመት ሰባት እጥፍ ያህል እና ከዚያም በላይ ይሄዳል። 20 ሜትር ዛፍ ካለ ቢያንስ 150 ሜትር ራቁ። የኮረንቲ ሽቦ የሚታይበት ሜዳ ላይ በጭራሽ። ወደ ጣርማ በር ገደል አፋፍም አትጠጉ፤ ከቆላው ገደሉን ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ ያልተረጋጋ ነው፣ ካይቱን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ያነሳል።

እረኞችና ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም፣ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን አስቀድማችሁ ነገሩን አስረዷቸው። የተወጠረ የካይት ገመድ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ጣት ይቆርጣል። ከእናንተ ፊት ለፊት፣ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ማንም አይቁም። ፈረስና በቅሎ ካይት ሲያዩ ይደነብራሉ፤ የሜዳውን ባለቤት ጠይቁ፣ ከብቱ ራቅ እስኪል ጠብቁ።

3. ሰውነት የሚጠብቁት ዕቃዎች

ሃርነስ የሚባለው መታጠቂያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር፣ ሌላው በጭን በኩል ዞሮ እንደ ወንበር የሚይዝ። ቪዲዮ ላይ የምታዩት ብዙው የወገቡ ነው። ለጀማሪ ግን እኔ የመቀመጫውን እመርጣለሁ። ጀማሪ ካይቱን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ በላይ ስለሚያቆመው ጉተታው ወደ ላይ ነው፣ የወገቡ መታጠቂያ ደግሞ ያኔ ሽቅብ እየወጣ ጎድን አጥንት ላይ ይቆማል። የመቀመጫው ከቦታው አይነቃነቅም። ስትሞክሩት በሹራብና በጃኬት ላይ አትልበሱ። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ሰው ደርቦ ይለካና ውኃ ላይ ሲደርስ ይሰፋበታል። ውኃ ውስጥ በምትለብሱት ልብስ ለኩት፣ ማንጠልጠያው መንጠቆ ላይ ገመድ አስራችሁ ተንጠልጠሉበት፣ ሽቅብ ከመጣ አንድ ቁጥር ዝቅ በሉ።

ሄልሜት ለውኃ ስፖርት የተሠራ ይሁን፤ ኢኤን 1385 የሚል ምልክት ፈልጉ። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ውኃ ይይዛል፣ አይሆንም። ውኃ ላይ የሚለበሰው መከላከያ ጃኬት ላይ ደግሞ ሰው ይሸወዳል። ኢምፓክት ቬስት የሚባለው ከግጭት ይከላከላል እንጂ አንዳንዱ የማንሳፈፍ ማረጋገጫ የለውም። አዲስ ዋናተኛ ከሆናችሁ ቢያንስ 50 ኒውተን የሚያነሳ፣ አይኤስኦ 12402 የተጻፈበትን ውሰዱ። ትንሽ የገመድ መቁረጫ ቢላም ሃርነሱ ላይ ይኑር። ገመድ እግር ላይ ሲጠመጠም የሚያድነው እሱ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ርካሽ ነው።

የዋና ልብስ ላይ አትጨነቁ። ለላንጋኖም ለዛንዚባርም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አጭሩ ይበቃል።

4. ቦርድ

ለጀማሪ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነው ትዊን ቲፕ ነው። ሰፋና ረዘም ያለ ቦርድ በትንሽ ጉተታም ውኃው ላይ ይወጣል፣ ለመነሳት ቀላል ነው። ከ65 እስከ 80 ኪሎ ላለ ሰው ከ140 እስከ 145 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 42 ወይም 43 ስፋት ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ለሚመዝን 150 ገደማ፣ 55 ኪሎ ለሆነች ልጅ 135 ገደማ። ከሥር ብዙ ያልጎበጠ፣ ጠፍጣፋ የሚመስለውን ምረጡ። የእግር ማሰሪያው በደንብ የሚሰፋና የሚጠብ መሆኑን፣ መሃሉ ላይ እጀታ መኖሩን እዩ። ቦርዱን ከሰውነታችሁ ጋር በገመድ አትሰሩት፤ ገመዱ ተወጥሮ ሲመለስ ቦርዱ ጭንቅላት ይመታል።

5. ትልቁ ካይትና ባሩ

ይሄንን ከትምህርት በፊት አትግዙ። ፓጄ ዛንዚባር ላይ፣ ዲያኒ ኬንያ ላይ፣ ኤል ጉና ግብፅ ላይ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ዕቃውን እነሱ ይሰጧችኋል። የመጀመሪያው ኮርስ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። ፓጄ ላይ ነፋሱ የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም እና ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የተለያየ መጠን እዚያው ሞክራችሁ ስትመለሱ የትኛው እንደሚስማማችሁ በራሳችሁ ሰውነት ታውቁታላችሁ። ላንጋኖ ላይ ብቻችሁን አትጀምሩ። ውኃው ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ የታወቀ ሐይቅ ነው፣ ለመለማመድ ይመቻል፤ ግን ካይት የሚያስነሳና የሚያወርድ የሠለጠነ ጓደኛ ያስፈልጋል።

መግዣው ሲደርስ የፊት ጠርዙ በአየር የሚነፋውን ውሰዱ፤ ውኃ ላይ ሲወድቅ ይንሳፈፋል፣ እንደገናም ይነሳል። ከቅርፆቹ ዴልታና ቦው የሚባሉት ለጀማሪ ይሆናሉ፣ ባሩን ገፋ ስታደርጉት ጉልበታቸውን ቶሎ ይጥላሉ። ሲ የሚባለው ቅርፅ ለላቁ ነው፣ ርካሽ ስላገኛችሁት አትውሰዱት። ካብሪንሃ፣ ዱዎቶን፣ ኮር፣ ኦዞን፣ ኤፍዋን፣ ሁሉም ጥሩ ይሠራሉ፤ ከስሙ ይልቅ የምርት ዓመቱንና ሁኔታውን ተመልከቱ።

ባሩ ከካይቱ ጋር ከአንድ ኩባንያ ቢሆን ይመረጣል። አራት ገመድ፣ ከ20 እስከ 24 ሜትር። ባሩ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ የምትመረምሩት ግን ኩዊክ ሪሊዝ የሚባለውን መልቀቂያ ነው። ከሃርነሱ መንጠቆ ጋር የሚያያዘው ቀለበት ላይ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ቀለም ያለው ነገር ነው። ለዚህ አይኤስኦ 21853 የሚባል ደረጃ በ2020 ወጥቷል፤ ያንን የሚያሟላ ጠይቁ።

ሙከራው እንዲህ ነው። ጠንካራ ግንድ ወይም የበር ቋሚ ላይ ገመድ እሰሩ፣ ባሩን ከገመዱ ጋር አያይዙት። ሃርነሱን ታጠቁና ቀለበቱን መንጠቆው ላይ አስገቡ። ወደ ኋላ ተጋድማችሁ ሙሉ ክብደታችሁን ጣሉበት፣ ከኋላችሁ ፍራሽ ይኑር። ዓይናችሁን ጨፍኑ። አሁን በአንድ እጅ ብቻ መልቀቂያውን ፈልጋችሁ ግፉት። ወዲያው መለየት አለበት። ከዚያ በሌላው እጅ፣ ከዚያ እጃችሁን አርጥባችሁ፣ ከዚያ ውስጡ አሸዋ ነገር በትናችሁ ድገሙት። አንዴ እንኳ ካንገራገረ ያንን ባር አትግዙ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ።

6. ያገለገለ ዕቃ ከሆነ

አዲስ ካይት ብቻውን ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ያገለገለ ይገዛል። ጥሩ ነው፣ ከአምስት ዓመት በላይ ያረጀውን ግን ተዉት።

ጨርቁን ከኋላው ጠርዝ ያዙና በሁለት ጣት አሹት። ደህናው ይንኮሻኮሻል፤ የላላና የለሰለሰው ፀሐይ በልቶታል። ስፌቱን በብርሃን ላይ ዘርጉና ቀዳዳዎቹ የተለጠጡ መሆናቸውን እዩ። የፊት ጠርዙ ውስጥ እንደ መኪና ጎማ ከመነዳሪ ያለ ፊኛ አለ። እስከ 7 ፒኤስአይ ንፉትና ለጥቂት ሰዓታት ተዉት። ቤት ውስጥ ይሁን። በበጋ እኛ አገር ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ውጭ ያደረ ካይት ጠዋት ላይ ሳይተነፍስም ለስልሶ ይገኛል፣ ሰውም ቀዳዳ ያለው ይመስለዋል። ጥርጣሬ ካለ የሳሙና አረፋ ቫልቮቹ ላይ ቀቡ፣ የሚያስተነፍሰው ቦታ ይፈላል።

ገመዶቹን አራቱንም ጫፍ አንድ ችንካር ላይ አስራችሁ ባሩን ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱና ወጥሩ። ባሩ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ገመዶቹ እኩል አይደሉም። ማስተካከል ይቻላል፣ ግን የተፈተለበትን ወይም ቋጠሮ የበዛበትን መተካት ነው የሚሻለው። ከገዛችሁም በኋላ ካይቱን ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ላይ አትተዉት። በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጨርቁ ቶሎ ያረጃል።

7. ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው

አብዛኞቻችን ዕቃውን የምናገኘው በዘመድ ወይም በጓደኛ ሻንጣ ነው። ዘመዳችሁ ስለ ካይት ምንም ላያውቅ ይችላል፣ ስለዚህ «ካይት ላኩልኝ» ብቻ አትበሉ። ክብደታችሁን፣ የሚፈለገውን ካሬ፣ የምርት ዓመቱን፣ ባሩ ከነመልቀቂያውና ከነሊሹ (መልቀቂያው ሲለቀቅ ካይቱን ከእናንተ ጋር የሚያቆየው ገመድ) መሆኑን፣ ፓምፑና የቀዳዳ መለጠፊያው አብሮ መኖሩን ጽፋችሁ ስጡት። የመልቀቂያውን ፎቶ በቅርብ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ቦርዱ ረጅም ስለሆነ አየር መንገዱ ለስፖርት ዕቃ የሚያስከፍለውን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ደረሰኙንም ለጉምሩክ ይያዝ። ሻንጣው ጠብቦ አንዱ መቅረት ካለበት ቦርዱ ይቅር፤ እሱን በኋላም ታገኙታላችሁ፣ ሃርነሱና ሄልሜቱ ግን አብረው ይምጡ።